የፖቶማክ ጥንብ አንሳዎች

ፖቶማክና አናኮስቲያ የተባሉት ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ባዛርድ ፖይንት የሚባል ሹል መሬት አለ። የኳስ ወዳጆች ቦታውን የሚያውቁት በ2018 በተከፈተው የዲሲ ዩናይትድ ስታዲየም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ እስከ 2012 ድረስ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበረበት። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስሙ ግን ከስታዲየሙም ከማመንጫውም፣ ከራሷ ከዋሽንግተንም ይቀድማል። ከተማዋ በ1790ዎቹ ከመቆርቆሯ በፊት የተሳሉ ካርታዎች ይህን የወንዝ ዳር የሚጠሩት በጥንብ አንሳ ስም ነው። የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ተርኪ ባዛርድ ያሉት ያ ወፍ ዛሬም ከወንዙ በላይ ሲያንዣብብ ይታያል።

ይህን ታሪክ ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ፤ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ቄራ ነውና። አባቴ አራጅ ነበር። ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮ ጣሪያችን በአሞራ ጥፍር ሲንኳኳ እንነቃ ነበር። ትንንሾቹ፣ ፊታቸው ሲቆጡ የሚቀላው ጥንብ አንሳዎች ጣሪያው ላይ፣ ትልልቆቹ ባሕር ዛፉ ላይ፣ አባ ኮዳ ደግሞ ቆሻሻው ዳር ቆሞ፣ ሁሉም የመጀመሪያው ከብት የሚታረድበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። ልጆች ድንጋይ ስንወረውርባቸው አባቴ ይቆጣ ነበር። «ተዉአቸው፤ እነሱም ሥራ ላይ ናቸው» ይለን ነበር።

ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ታክሲ ነድቼ ነው የኖርኩት። ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እህቴ ከነቤተሰቧ አሌክሳንድሪያ ናት። ሁለቱን የሚያገናኘውን የቤልትዌይ ቀለበት መንገድ ቀንም ሌትም ተመላልሼበታለሁ። ናሽናል ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ጓደኞቼ ዳማ ሲጫወቱ ወይም ስለ አገር ፖለቲካ ሲከራከሩ፣ እኔ ከወንዙ በላይ ያሉትን አሞራዎች ማየት ለመድኩ። ማየቱ ወደ ንባብ፣ ንባቡ ወደ ሙዚየም ወሰደኝ። ከዚህ በታች ያለው በዚያ መንገድ ያገኘሁት ነው።

በዚህ አካባቢ ሁለት ዓይነት ጥንብ አንሳ አለ። አንደኛው ያ ሰፋሪዎቹ ባዛርድ ያሉት፣ ዛሬ ተርኪ ቨልቸር የሚባለው ነው። ጭንቅላቱ መላጣና ቀይ ነው፤ ጫጩቱ ግን አመድማ ራስ ይዞ ነው የሚያድገው። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ክብደቱ ግን ሁለት ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋስ በቀላሉ ይሸከመዋል። ሲበር ክንፎቹን ትንሽ ወደ ላይ አንስቶ፣ ወዲህና ወዲያ እየተንገዳገደ ነው፤ ክንፉን የሚያርገበግበው ከስንት አንዴ ነው። ከታች ወደ ላይ ላየው ሰው የክንፉ የፊቱ ግማሽ ጥቁር፣ የኋላው ግማሽ ብርማ ነው። ሁለተኛው ብላክ ቨልቸር የሚሉት ነው። ራሱም ጥቁር፣ ጅራቱ አጭር፣ ነጭ ያለበት ክንፉ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። እሱ ክንፉን ቶሎ ቶሎ መትቶ ጥቂት ይንሳፈፋል፣ እንደገና ይመታል። እነዚህን ምልክቶች የያዘ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ እንኳ ይለያቸዋል።

ሁለቱም ጎጆ አይሠሩም። ክፍት በሆነ የዛፍ ግንድ ውስጥ፣ በዓለት ሥር ወይም ሰው በተወው ጎተራ ውስጥ፣ ባዶ መሬት ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላሉ። እንደ ሌሎች ወፎች የሚዘምሩበት የድምፅ ክፍል ስለሌላቸው የሚወጣቸው ትንፋሽና ማጉረምረም ብቻ ነው። አንድ ነገር ሲያስፈራራቸው የበሉትን ያስመልሱበታል፤ ሽታው ቀበሮን ያባርራል። በሙቀት ጊዜ እግራቸው ላይ ይሸናሉ፤ ሽንቱ ሲተን ደማቸውን ያቀዘቅዛል። ሌሊቱን በመንጋ አድረው ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ክንፋቸውን ዘርግተው ይቆማሉ።

ይህ የመጨረሻው ልማድ ነው ሰውን የሚያስደነግጠው። ባለፈው ጊዜ የጎረቤታችን እናት ከጎንደር መጥተው ነበር። አንድ ጠዋት ከስላይጎ ክሪክ ዳር ስናልፍ የደረቀ ዛፍ ላይ ክንፋቸውን የዘረጉ አሞራዎች አዩና አማተቡ።

«በስመ አብ! ልጄ፣ ማን ሊሞት ነው?»

«ማንም አይሞትም እማማ፤ ጤዛ የነካው ክንፋቸውን እያደረቁ ነው። ሌሊት ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ይሞቃሉ።»

ቆም ብለው ሲያዩ ቆዩና «እንግዲያው እነሱም እንደኛ የዚህ አገር ብርድ አልተስማማቸውም» አሉ።

የእማማ ድንጋጤ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። በእኛ አገር የአሞራ ሲሳይ መሆን ትልቅ እርግማን ነው። ከ1888 እስከ 1892 በቆየው ክፉ ቀን፣ የደስታ በሽታ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን ያህል ፈጅቶ፣ ረሃቡ ሰውን በየመንገዱ ሲጥል፣ ቀባሪ ያጣውን ያነሳው አሞራና ጅብ ነበር። እንዲህ ያለ ዘመን ያየ ሕዝብ ወፉን ከሞት ለይቶ ለማየት ይቸግረዋል። ግን አሞራ ሞትን አያመጣም፤ ሞት ከመጣ በኋላ የቀረውን ያነሳል። በዚህ አገርም ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዷል፤ የፖቶማክ ዳር ታሪክም በአብዛኛው የዚህ ትግል ታሪክ ነው።

እንግሊዛዊው ካፒቴን ጆን ስሚዝ በ1608 ፖቶማክን ሽቅብ ሲቀዝፍ አናኮስቲያ ዳር ያገኘው የናኮችታንክ ሕዝብ መንደር ነበር። ዓሣው፣ አጋዘኑ፣ የቱርክ ዶሮው የበዛበት አገር ነበር፤ ጥንብ አንሳም ከሁሉም የተረፈውን ይበላል። ሰፋሪው ከመጣ በኋላ የትምባሆ እርሻ፣ አሳማና ከብት መጣ። አሌክሳንድሪያ በ1749 የትምባሆ ወደብ ሆና ተቆረቆረች። ከብትና አሳማ በየጫካው ተለቆ የሚያድግበት ዘመን ነበርና ለቀይ ራሱ ወፍ ምግቡ አልጎደለም።

ዋሽንግተን ራሷ በመጀመሪያው መቶ ዓመቷ ንጹሕ ከተማ አልነበረችም። ዛሬ ኮንስቲትዩሽን አቬኑ በሆነው መስመር በ1815 የተከፈተ ቦይ ነበር፤ ለጀልባ ተብሎ ተቆፍሮ ለከተማው ፍሳሽ ሆነ። ዛሬ የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሕንፃ በቆመበት ስፍራ የነበረው ትልቁ ገበያም ዳሩ ላይ ነበር። ቦይው በ1870ዎቹ እስኪደፈን ድረስ የከተማው ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው።

እኔን እንደ ቄራ ልጅ ከሁሉም የገረመኝ ግን የዋሽንግተን ሐውልት ነው። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት ያ ነጭ ሐውልት ግንባታው በ1854 በገንዘብ እጦት ቆሞ፣ የተጠናቀቀው በ1884 ነው። በመካከሉ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። ከተማዋ በሠራዊት ተጥለቀለቀች፤ ለሠራዊቱ ደግሞ ሥጋ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ባልተጨረሰው ሐውልት ዙሪያ ያለው ሜዳ የከብት ማቆያና ማረጃ ሆነ፤ ስሙንም የሐውልቱ የበሬ ዴፖ አሉት። አስቡት፤ በሬ እዚያ ይነዳል፣ እዚያ ይታረዳል፣ ፈርሱና አንጀቱ እዚያው ይቀራል። አባቴ ቢያየው ኖሮ ሥራውን ወዲያው ይለየው ነበር። ተሳፋሪ ይዤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሐውልቱን የማየው በዚያ ዘመን መልኩ ነው።

ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ነገሩ ከዚህ የከፋ ነበር። አሌክሳንድሪያ በግንቦት 1861 በሰሜኑ ጦር ተያዘች፤ ቤቶቿና አብያተ ክርስቲያኗ ሆስፒታል ሆኑ። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለው የማናሳስ ሜዳ በ1861ና በ1862 ሁለት ትልልቅ ጦርነት አስተናገደ። በእርስ በርስ ጦርነቱ በጠቅላላው ያለቀው ፈረስና በቅሎ ብቻ ከ1 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ይገመታል። ወታደሮች ወደ ቤታቸው በጻፏቸው ደብዳቤዎች ውስጥ ከሜዳው በላይ የሚያንዣብበው አሞራ ይነሳል። ፔንሲልቬኒያ፣ ጌቲስበርግ ደግሞ ክረምት ክረምት በመንጋ የሚያድሩት ጥንብ አንሳዎች ከ1863ቱ ጦርነት ጀምሮ ቦታውን እንዳልለቀቁ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። ለአፈ ታሪኩ ማረጋገጫ አላየሁም፤ ሕዝብ ሐዘኑን ወፍ ላይ እንደሚያሳርፍ ግን ያሳያል።

በደቡቡ ክፍል ጥቁሩ ጥንብ አንሳ ያኔ የተከበረ ወፍ ነበር። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የቻርለስተን ከተማ ሥጋ ገበያ በእሱ ነበር የሚጸዳው። ነጋዴው ቁርጥራጩን መንገድ ላይ ይጥላል፣ ወፉ በሰው እግር መካከል እየተራመደ ያነሳል፤ የገደለው ሰው በሕግ ይቀጣ ነበር። የቻርለስተን ሰው ንስራችን ይለው ነበር። ይህን ሳነብ የቄራ ሥጋ ቤቶችን ነው ያየሁት።

አሁን ብዙ ጊዜ ያሳሰበኝን ጉዳይ ላንሳ። ጥንብ አንሳ ሥጋውን የሚያገኘው በዓይኑ ነው ወይስ በአፍንጫው? ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ የአሜሪካ ሊቃውንት ግን ከ100 ዓመት በላይ ተከራክረውበታል። ታዋቂው የወፍ ሠዓሊ ጆን ጄምስ ኦዱበን በ1826 ባሳተመው ጽሑፍ ወፉ አያሸትም አለ። የአጋዘን ቆዳ በደረቅ ሣር ሞልቶ ሜዳ ላይ አኖረ፤ ጥንብ አንሳው መጥቶ በሐሰት ዓይኑ ላይ ያተኩር ጀመር። በሌላ ጊዜ የበሰበሰ አሳማ በሸምበቆ ሸፍኖ ደበቀ፤ አንድም ወፍ ዝር አላለም። ወዳጁ ቄስ ጆን ባክማን ቻርለስተን ውስጥ ተጨማሪ ሙከራ አደረገ፤ ሆዱ የተከፈተ በግ ሥዕል መሬት ላይ ሲያነጥፍ ወፎቹ ሥዕሉን ይቆረቁሩ ጀመር። በዚህ ነገሩ አለቀ ተባለ።

አላለቀም ነበር። ጥቁሩ ወፍ በእርግጥ በዓይኑ የሚኖር ነው፤ ቻርለስተን ደግሞ የጥቁሩ አገር ናት። ቀይ ራሱም ቢሆን በጣም የሸተተ ሥጋ አይወድም፤ ገና አንድ ሁለት ቀን ያደረውን ነው የሚመርጠው። ይሁንና ቀይ ራሱ ያሸታል፤ ይህን ያወቁት በመጀመሪያ ሊቃውንት ሳይሆኑ የጋዝ ቱቦ ሠራተኞች ነበሩ። ቱቦ የፈነዳበትን ለማግኘት ጋዙ ውስጥ የሚሸት ኬሚካል ይጨምሩና ጥንብ አንሳ የሚሰበሰብበትን ቦታ ያዩ ነበር፤ ያ ኬሚካል ከሬሳ የሚወጣ ሽታ አለው። ኬኔት ስቴጀር የተባለ የሎስ አንጀለስ ሙዚየም ሰው ይህን ከሠራተኞቹ ሰምቶ በ1964 ባሳተመው ጥናት ነገሩን አረጋገጠ።

ከእሱ በፊት ግን ከእኛ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ባልቲሞር ውስጥ፣ ቤትሲ ባንግ የምትባል የሕክምና ሥዕል ሠሪ ነበረች። ባሏ በጆንስ ሆፕኪንስ የወፎችን የመተንፈሻ በሽታ ያጠና ነበር፤ እሷ አፍንጫቸውን እየከፈተች ትሥላለች። የቀይ ራሱን አፍንጫ ስትሥል ውስጡ ያለው ክፍል እጅግ ሰፊ ሆኖ አገኘችው። እጇ የሣለውና መጽሐፉ የሚለው ስላልተስማማ በ1960 ኔቸር በተባለው መጽሔት ጻፈች። በ2017 ደግሞ የስሚዝሶኒያን ተመራማሪ ጋሪ ግሬቭስ የተሳተፈበት ቡድን የሁለቱን ወፎች አንጎል አነጻጸረ፤ የቀይ ራሱ የማሽተቻ ክፍል ከጥቁሩ አራት እጥፍ ይበልጣል፤ አንጎሉ በጠቅላላው ግን ከጥቁሩ ያንሳል።

እዚህ ላይ የእኛን ወፍ ሳላነሳ አላልፍም። በመልክ ቢመሳሰሉም የአሜሪካና የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዘራቸው የተለያየ ነው፤ ሥራው አንድ ስለሆነ ነው መላጣው ጭንቅላትና ሰፊው ክንፍ የተመሳሰለው። የእኛዎቹ በማሽተት አይታወቁም፤ ከላይ ሆነው መሬቱንም እርስ በርሳቸውም ይተያያሉ፤ አንዱ ሲወርድ ያየ ሌላው ይከተላል። ከእነሱ አንዱ በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን በተጓዘው በጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ስም ይጠራል። በኅዳር 1973 አይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ አንድ አውሮፕላን ከ11,000 ሜትር በላይ ሆኖ ከወፍ ጋር ተጋጨ። ከሞተሩ የተለቀመው የላባ ቁርጥራጭ የተላከው ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነበር። ሮክሲ ሌይቦርን የምትባለው የላባ ባለሙያ ላባውን መርምራ የሩፔል ጥንብ አንሳ ነው አለች። እስከ ዛሬ ከዚያ ከፍ ብሎ የበረ ወፍ አልተመዘገበም። ልጆቼን ወደዚያ ሙዚየም በወሰድኳቸው ጊዜ የነገርኳቸው ይህን ነው፤ የሰሜን ተራራ ወፍ ዘር ከሁሉ በላይ መብረሩን፣ ስሙም የታወቀው እኛ ባለንበት ከተማ መሆኑን።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ጥንብ አንሳ ከአገልጋይ ወደ ወንጀለኛ ተለወጠ። የአሳማ ኮሌራና አባ ሰንጋ ከእርሻ እርሻ የሚያደርስ እሱ ነው ተባለ። በደቡብ ግዛቶች ገበሬው በወጥመድ፣ በጥይትና በመርዝ ይፈጀው ጀመር፤ ይህም ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ። ክሱ ከእውነቱ ተቃራኒ ነበር። በ2014 ከስሚዝሶኒያን ጋር የተሠራ አንድ ጥናት በእነዚህ ወፎች ፊት ላይ 528 ዓይነት ባክቴሪያ ሲያገኝ አንጀታቸው ውስጥ የተረፈው 76 ብቻ ነበር። ሌላው በሆድ አሲዱ ያልቃል። ሰው ቢበላው የሚገድለውን እሱ በልቶ ያጠፋዋል። ይህን ያህል ዘመን የተገደለው በሠራው ደግ ሥራ ነው።

ለውጡ የመጣበት መንገድ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ያልፋል። ሬቸል ካርሰን በ1962 የወጣውን፣ ስለ ፀረ ተባይ መርዝ የጻፈችውን መጽሐፍ ያዘጋጀችው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረው ቤቷ ነው። ቤቱ ዛሬ ብሔራዊ ቅርስ ነው። በካንሰር እየተሠቃየች ጻፈችው፤ በሚያዝያ 1964 እዚያው ቤት አረፈች። ብዙ ሐበሻ በአጠገቡ ያልፋል፤ ቡና ለመጠጣት ወደ ፌንተን ስትሪት የምንወርድ ሰዎች እንዲህ ያለች ጎረቤት እንደነበረችን ብናውቅ ደስ ይለኛል። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ የንስርንና የሌሎች አዳኝ ወፎችን እንቁላል ቅርፊት እያሳሳ እንደሚሰብር በፓተክሰንት የዱር እንስሳት ምርምር ጣቢያ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው ሎረል አካባቢ፣ በሙከራ ታየ። መድኃኒቱ በ1972 ተከለከለ። በዚያው ዓመት ከሜክሲኮ ጋር በተደረገ ስምምነት ጥንብ አንሳ በ1918ቱ የስደተኛ ወፎች ሕግ ጥላ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ መግደል በፌደራል ሕግ ያስቀጣል።

ሕጉ ሲጠብቀው መንገዱ መገበው። ቤልትዌይ ሙሉ ዙሩ የተከፈተው በነሐሴ 1964 ነው። በ1900 ገደማ በአደን ብዛት ከዚህ አካባቢ ሊጠፋ ደርሶ የነበረው አጋዘን ተመልሶ በዛ፤ እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ ሮክ ክሪክ ፓርክ ከ2013 ጀምሮ ቁጥሩን በተኳሽ ይቀንሳል። ታክሲ የሚነዳ ሁሉ ኅዳር ላይ ሌሊት ምን እንደሚያጋጥም ያውቃል። መኪና የመታውን አጋዘን ጠዋት ጥንብ አንሳ ያነሳዋል። ቀድሞ በዚህ አካባቢ ብርቅ የነበረው ጥቁሩ ወፍም ባለፈው መቶ ዓመት ከደቡብ ወደ ሰሜን እየገፋ መጥቶ ዛሬ ከቀይ ራሱ እኩል የአገሩ ሰው ሆኗል። ሲልቨር ስፕሪንግ የውሃ ታንከርና የስልክ ማማ ላይ፣ በኖርዝዌስት ብራንች ገደል፣ አሌክሳንድሪያ ደግሞ በሃንትሊ ሜዶውስ ረግረግና በዳይክ ማርሽ ዛፎች ላይ ታገኙታላችሁ።

ሁሉም አይወደውም። የመኪና መጥረጊያ ጎማ ይነቅላል፣ ጣሪያ ያበላሻል። አንዳንድ የቨርጂኒያ ከተሞች የሞተ አሞራ ምስል ዛፍ ላይ ሰቅለው ያባርሩታል፤ ይህ ይሠራል፣ ወፉንም አይጎዳውም። ከብት አርቢዎች ጥቁሩ ወፍ አዲስ የተወለደ ጥጃ ያጠቃል ብለው ይከሳሉ፤ ክሳቸው እውነት አለው፣ ለዚህም መንግሥት ፈቃድ ይሰጣቸዋል። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ወፉን ከሁሉ በቅርብ ያየሁት ግን በፋሲካ ቅርጫ ነው። እንደብዙ ሐበሻ ማኅበር እኛም ለበዓል ገጠር ሄደን ከገበሬ በሬ ገዝተን እዚያው እናርዳለን። አባቴ ያስተማረኝን ቢላዋ አያያዝ የምጠቀመው ያን ቀን ብቻ ነው። ሥጋው በመደብ በመደብ ይወጣል፤ ሻኛው፣ ታላቁ፣ ታናሹ፣ ፍሪምባው ለሁሉም እኩል ደርሶ ዕጣ ይጣላል። ጨጓራና ሽንፍላው ለዱለት ይታጠባል። ፈርሱ፣ ሳንባውና የማይበላው አንጀት በገበሬው ፈቃድ ከጫካው ዳር ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚመጣው ቀይ ራሱ ነው፤ ከዛፉ አናት ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ብሎ እያሸተተ ይዞራል። ጥቁሩ ከላይ ሆኖ እሱን ይጠብቃል። ቀይ ራሱ ሲወርድ ያየው ጥቁር ሁሉ ግር ብሎ ይመጣና ባለቤቱን ከማዕዱ ያባርረዋል። የተባረረው አንዱ አጠገቤ ያለው የአጥር ግንድ ላይ አረፈ። የምንቃሩ ጫፍ የዝሆን ጥርስ ቀለም አለው። የአፍንጫው ቀዳዳ በግድግዳ አይከፈልም፤ ከአንዱ ጎን ስታዩት ብርሃኑ በሌላው ጎን ያልፋል። እግሩ በደረቀ ሽንት ነጭ ሆኗል። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ምንም ፍርሃት አላየሁበትም። ከሰዓት በኋላ ቦታው ላይ የቀረው እርጥብ ሣር ብቻ ነበር።

አገር ቤት ያሉት ግን እያለቁ ነው። በ2015 የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የቄራ ጣሪያችንን ያንኳኳ የነበረውን ትንሹን፣ ጀርባ ነጩንና የሩፔሉን ጥንብ አንሳ እጅግ አሳሳቢ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው መካከል መደባቸው። ከ2014 እስከ 2019 በኢትዮጵያ ቄራዎች የተደረገ ጥናት ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች በእጅጉ መቀነሳቸውን፣ ውሾቹ ደግሞ ከእጥፍ በላይ መብዛታቸውን አሳይቷል። ውሻ በበዛ ቁጥር የእብድ ውሻ በሽታ ይበዛል። ሕንድ ይህን በሕይወት ከፍላለች። በ1990ዎቹ ለከብት በሚሰጥ ዲክሎፌናክ በሚባል የሕመም ማስታገሻ ምክንያት ጥንብ አንሳዎቿ ሊያልቁ ደረሱ፤ ምክንያቱ በ2004 ታወቀ፣ መድኃኒቱ ለከብት በ2006 ተከለከለ። በ2024 የታተመ የኢኮኖሚ ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በዚሁ ሰበብ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰው ሞቷል ብሎ ገምቷል።

ስለዚህ አገር ቤት ከብት ያለው ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ስልክ ሁለት ነገር ንገሩልኝ። ለጅብም ሆነ ለውሻ ተብሎ መርዝ የተቀባ ሥጋ ሜዳ ላይ አይጣል፤ ያን ሥጋ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ አንድ ሬሳም መንጋ ይፈጃል። ከብት ሲታመም የእንስሳት ሐኪሙን በዲክሎፌናክ ፋንታ ሜሎክሲካም እንዲሰጣቸው ይጠይቁት፤ ለከብቱም ይሠራል፣ ወፉንም አይገድልም። እዚህ ያላችሁ ደግሞ ለቅርጫ ስትወጡ ፌስታልና ሲባጎ ከሆድ ዕቃው ጋር አትተዉ።